ሲጃራ ካቆመ ዘጠኝ አመት የሆነውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምፅፍላችሁ ከጅማ ነው። ስራዬ እንጨት ነው፣ በርጩማ፣ ወንበር፣ አልጋ፣ የታዘዝኩትን እሰራለሁ። ጋዜጣችሁ እኔ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አንብቦ ከጨረሰው በኋላ ስለሆነ ደብዳቤዬ ዘግይቶ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአመቱ ግንቦት 23 ከትምባሆ ነፃ ቀን ሲመጣ እናንተም፣ ሬድዮውም፣ ቲቪውም የምታወጡት ያው አንድ አይነት ነገር ነው። የጠቆረ ሳንባ ፎቶ፣ «ዛሬውኑ ያቁሙ» የሚል ፅሁፍ፣ በቃ፣ ከዛ እስከ ከርሞ ደህና ሰንብቱ። ክፉ ነው አላልኩም። ግን እሺ ብሎ ያቆመው ሰውዬስ? እሱን በሁለተኛው አመት፣ በአምስተኛው አመት እንዴት ነህ የሚለው አንድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሁሉም ያለቀለት ጉዳይ ነው የሚመስለው። እኔ ካቆምኩ ዘጠኝ አመት ሊሞላኝ ነው (በዚህ ቁጥር የሚከራከረኝ ጓደኛ አለኝ፣ እመጣበታለሁ) እና አላለቀም።

አስራ ዘጠኝ አመት አጭሻለሁ። ኒያላ፣ በቀን አንድ ፓኮ፣ በርጫ ያለ ቀን ደግሞ አንድ ተኩል። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሰአት ጫት ይያዛል፣ ምርቃናው ሲመጣ ሲጃራው ይለኮሳል፣ ማታ ጨብሲ ሲባል እዛም ላይ ይለኮሳል። ስራ ቦታ ሰጋቱራው መሃል ቆሜ ቫርኒሽ እየቀባሁ አጨስ ነበር፣ አሁን ሳስበው ቤቱ ከነእኔ አለመቃጠሉ ይገርመኛል። ያቆምኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፣ አንድ ቀን ለታናሽ ልጄ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ላሳያት ይዣት ስወጣ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ በሦስተኛው «አባዬ አንተ እዚህ ጠብቀኝ እኔ አይቼ ልምጣልህ» አለችኝ። ሰባት አመቷ ነበር። እዛው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁና፣ ማታ ቤት ስገባ ፓኮውን ሽንት ቤት ጣልኩት።

ማቆሙንማ ብቻዬን አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ፊት የሚቀርብ አልነበረም፣ ሚስቴ ትናገር፣ በመዶሻም በልጅም እናደድ ነበር፣ እንቅልፍ የለም፣ ግን ያ አለፈ። ጤና ጣቢያ የምትሰራ አንዲት ሲስተር አለች፣ ጎረቤቴ ናት፣ ኒኮቲኑ ራሱ ከሰውነት በጥቂት ቀን እንደሚወጣ፣ ጭንቀቱና ንዴቱም በሳምንታት ውስጥ እንደሚበርድ ነግራኝ ነበር እና እውነቷን ነው በረደ። ያልበረደው ሌላው ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሽታ፣ የሆነ ሰው ሳቅ አለ፣ ያንን ስታይ እጅህ ራሱ ወደ ሸሚዝ ኪስ ይሄዳል። እኔ እስከ ዛሬ ዝናብ ሊጥል ሲል ሀራራው ይመጣብኛል፣ ለምን አትበሉኝ፣ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ስር ቆሜ አጨስ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ ስንት ቀን እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ቡናው ነው። ባቆምኩ በሁለተኛው ሳምንት ልቤ መምታት፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መላጊያ መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ፣ እኔ ደግሞ ይሄ ሁሉ የሲጃራው ሀራራ ነው፣ አንድ ባጨስ ይተወኛል ብዬ ሱቅ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለሲስተር ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በቀን ስንት ሲኒ ትጠጣለህ?» ብላ ነው። እኔም ጅማ ተወልጄ ስንት ልበል፣ አቦል ቶና በረካ ጠዋት፣ ከሰአት እንደገና። ለካ የሲጃራ ጭስ ጉበትን እያጣደፈ ካፌይኑን ቶሎ ያስወግደዋል፣ አጫሽ ሰው ካፌይንን ከማያጨስ ሰው እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ያወጣዋል ማለት ነው፣ ጭሱን ስታቆም ያው የለመድከው ስድስት ሲኒ እንደ አስራ ሁለት ሆኖ ይመታሃል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። በቡና አገር ሲጃራ ለሚያቆም ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ይሄ ነው እላለሁ፣ ስንቱ ቡናው ያመጣበትን ሲጃራ ጠማኝ ብሎ ተመልሶበት ይሆን። በግማሽ ቀነስኩ፣ በሳምንቱ እጄ ተረጋጋ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አስር ሰአት ላይ ሄርማታ አካባቢ ጀበና ቡና የምታፈላ እህት ጋ የምንቀመጥ አራት ሰዎች አለን። አንዱ ሐጂ ነው፣ ቡና ነጋዴ፣ በረመዳን ፆም «ቀኑን ሙሉ ከቻልኩ ማታውን ምን ነካኝ» ብሎ አቁሞ በዛው የቀረ። አንዱ ቲቸር ነው፣ ሳይንስ ያስተምራል፣ ሁሉንም ነገር ካላረመ አይሆንለትም። አንዱ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፣ ከሁላችንም ትንሹ፣ ሲጃራ የጀመረው በአስራ አራት አመቱ ፍሬ እየገዛ ነው። አራተኛው እኔ። እቁብ አለን፣ የጭስ እቁብ ብለን ነው የምንጠራው፣ ሁላችንም በሳምንት ለሲጃራ እናወጣው የነበረውን ገምተን ያንኑ እንጥላለን፣ በየወሩ አንድ ሰው ይወስዳል። እኔ በመጀመሪያ ዙሬ ድሪል ገዛሁ፣ እስከዛሬ እየሰራ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቅጣት ነበረው። ያጨሰ ሰው ዙሩን ያጣል ብለን ተስማማን፣ ጎበዝ ህግ መስሎን ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ያኔ አምስተኛ ሰው ነበረን፣ አራት ወር ሙሉ እያጨሰ እኛ ጋ ሲመጣ ማስቲካ እያኘከ ይስቃል፣ ዙሩን እንዳያጣ ብሎ። ያወቅነው ሰውዬው አንድ ማታ የልጁ ባጃጅ ላይ ሲሳፈር ነው፣ ልብሱ ለልጁ ሸተተው። ሐጂ ተቆጣ፣ እኛም ተቆጣን፣ ሰውዬው በዛው ቀረ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ካየን መንገድ ይቀይራል። እኔ ያ ነገር ይቆጨኛል። ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረም፣ እንዲዋሽ ያደረግነው እኛ ነን። ከዛ በኋላ ህጉን ቀየርነው፣ ያጨሰ ሰው ምንም አያጣም፣ ብቻ በዛው ቀን ይናገር፣ ስልክ ይደውል፣ ሰአት አይመርጥም። በቃ ሌላ ህግ የለንም።

ያ ህግ እኔን ነው ያወጣኝ። በሰባተኛው አመት ታላቅ ወንድሜ አረፈ፣ እዚሁ ከተማ። ለቅሶው ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነው፣ ሴቶቹ ተኝተዋል፣ ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ አግዳሚዎች ላይ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ፣ ዝናቡ ሸራውን ይመታዋል። አንድ ዘመዳችን፣ በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «እንካ ወንድሜ፣ ለዛሬ እንኳን» ብሎ አንድ ፍሬ ሰጠኝ። በክፋት አይደለም እኮ፣ አዝኖልኝ ነው። እኔም ተቀበልኩ። ጣቶቼ መሃል ስትገባ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰባት አመት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጣቴ ቦታዋን ያውቃታል። ለኮሰልኝ። ሳብኩ። መጀመሪያ ራሴን አዞረኝ፣ ሁለተኛው ላይ ጣፈጠኝ፣ ያስደነገጠኝ መጣፈጧ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ከዘመዴ ሌላ ፍሬ መጠየቅ እንዳለብኝ እያሰብኩ ነበር፣ ገና የያዝኳትን ሳልጨርስ።

ከድንኳኑ ወጥቼ ለባጃጁ ልጅ ደወልኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ነው። «አጨስኩ» አልኩት። «ጋሼ የት ነህ?» አለኝ፣ ሌላ ምንም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በዛ ዝናብ መጣ፣ ጃኬቱን ከፒጃማ ላይ ደርቦ፣ በላስቲክ ቆሎ ይዞ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ የጎን ሸራውን ዘጋው፣ ቆሎውን መሃላችን አደረገው። አልመከረኝም። ስለ ወንድሜ ጠየቀኝ፣ ልጅ እያለን አዌቱ ወንዝ ላይ ስንዋኝ የነበረውን አወራሁለት፣ ለቅሶው ከጀመረ ያኔ ነው በደንብ ያለቀስኩት። ሊነጋ ሲል ወደ ድንኳኑ ገባሁ፣ እሱ በዛው ወደ ስራ ሄደ። በማግስቱ ሐጂ ለቅሶ ሊደርስ መጣና ከድንኳኑ አልወጣም፣ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ቁርአኑን በልቡ እየቀራ፣ ሰው ሲጃራ ይዞ ሲጠጋ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ያ ሰው ይመለሳል።

ሚስቴ ጠዋት ሳትጠጋኝ አወቀች። «ነገርካቸው?» ነው ያለችኝ። ነገርኳቸው አልኳት። ሻይ አመጣችልኝ።

ቲቸር እንግዲህ ከዛ ቀን ጀምሮ ሁለተኛ አመትህ ነው ይለኛል፣ ከግማሿ ሲጃራ በኋላ መቁጠር ያለብህ ከዜሮ ነው ባይ ነው። እኔ አልቀበልም። ሲስተርም ከኔ ጋር ናት። ባቆሙ በአንድ አመት በሲጃራ ምክንያት የመጣው የልብ በሽታ አደጋ በግማሽ እንደሚወርድ፣ በአስር አመት ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት እድል ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ግማሽ ገደማ እንደሚሆን እሷ ናት የነገረችኝ፣ እና ግማሿ ሲጃራ ያንን ሁሉ አመት ከሳንባዬ ላይ አታጠፋውም ብላኛለች። ለአስሩ አንድ አመት ቀርቶኛል። ቲቸር በየቅዳሜው ይከራከረኛል፣ እኔም በየቅዳሜው እመልስለታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ጭቅጭቁን ወደነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሴቶች። አንዲት እህት አለች፣ በስልክ ብቻ ነው የምናውቃት፣ ቁጥራችንን ከማን እንዳገኘች አልጠየቅናትም። ወንድ ሲያጨስ ሱሰኛ ይባላል፣ ሴት ስታጨስ ምን እንደምትባል ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ማጨሷንም ማቆሟንም ቤተሰቧ አያውቅም። እኔን ሰው ቢያንስ ጎሽ ብሎኛል፣ እሷ ይሄንንም አላገኘችም። ወር በወር ትደውላለች፣ «አለሁ» ትላለች፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ዝም ትላለች፣ ከዛ ትዘጋለች። ሀራራው እኮ እንደዛው ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው፣ ያንን ደቂቃ መስመር ላይ ሰው ካለ ያልፋል።

ህጉንም ሳላነሳ አላልፍም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ስንት ጊዜው ነው፣ ህዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ፣ ስራ ቦታ፣ ትራንስፖርት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ከ21 አመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። ፓኮው ላይ ያለው አስፈሪ ፎቶም ከዛ የመጣ ነው። ግን እኛ ሰፈር ግሮሰሪ ገብታችሁ እዩ፣ ወይም የአስር አመት ልጅ «አባባ ነው የላከኝ» ብሎ ሁለት ፍሬ ይዞ ሲወጣ እዩ። እኔ አሁን ለምሳ ቤት የምመርጠው በምግቡ አይደለም፣ ሽታው በማይኖርበት ነው፣ ያቆመ ሰው በገዛ ከተማው እየተሸሸገ መብላት የለበትም። ወላጆችንና ባለ ሱቆችን ልለምን፣ ልጅ አትላኩ፣ ለልጅም አትሽጡ፣ የኛ ባጃጅ ነጂ በዛው መንገድ ነው የጀመረው።

ከናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። ከሳምንት አንድ ቀን፣ ትንሽ ቦታ ቢሆንም፣ ካቆሙ ለቆዩ ሰዎች ስጡ። ስንት አመታቸው እንደሆነ፣ በምን እንደተፈተኑ፣ ማን እንደደረሰላቸው ይፃፉ። ዶክተር ብቻ አታናግሩ፣ ሚስቶችን አናግሩ፣ እነሱ ከሐኪም ቀድመው ነው የሚያሸቱት። ዘመድ ወዳጅ ደግሞ ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ላቆመ ሰው «ለዛሬ እንኳን» እንዳይል ፃፉልኝ፣ ቆሎ ይስጠው።

በዚህ ወር እቁቡ የባጃጁ ልጅ ነው፣ የፊት ጎማ ሊቀይርበት ነው። አምስተኛው ሰውዬ ይሄን ካነበበ፣ ወንበሩ እኔ የሰራሁት ነው፣ አልሸጥኩትም፣ ቅዳሜ አስር ሰአት።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት እባካችሁ አጠገቡ የሲጃራ ፎቶ እንዳታደርጉበት፣ የምሬን ነው፣ ስዕሉም ያምረኛል። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የበርጩማ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
እንጨት ሰሪው፣ ከጅማ