ሞንታርቦ የሚከራይ ብቻ ይወዳደር?

ለአዘጋጁ

ስለ ተመራጮች ደሞዝ ያወጣችሁትን ጽሁፍ እዚህ ደብረ ሲና ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አነበብነው፣ አብረውኝ የነበሩት በሙሉ "ህዝብ ላገልግል ያለ ሰው ደሞዝ ምን ይሰራለታል" ነው ያሉት። እኔ አልተስማማሁም፣ ለምን እንደሆነ ልጻፍላችሁ።

አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ምርጫ ሲደርስ ጓደኞቼ በግል ተወዳደር ብለው ወጥረው ያዙኝ፣ እኔም ልቤ ተነሳና አንድ ማታ በፈተና ወረቀት ጀርባ ሂሳብ መስራት ጀመርኩ፣ ፖስተር፣ የሞንታርቦ ኪራይ፣ የመኪናና የናፍጣ፣ ቆላ ወርደው ደጋ ወጥተው ለሚቀሰቅሱልኝ ልጆች ምሳ ምናምን እያልኩ ስደምር የሶስት ወር ደሞዜን አልፎ ሄደ፣ ገና ቲሸርት ሳልጽፍ ማለት ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ስታይ ቆየችና "የቤት ኪራዩን ለሞንታርቦ ልትሰጥ ነው?" አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በህጉ ነጻ የአየር ሰዓት አለ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ አለ፣ ግን የኛ አገር መራጭ የሚገኘው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው።

መንዝ ያለው አጎቴ ደግሞ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነው፣ ሰባራ ሳንቲም አይከፈለውም። ገብስ አጨዳ ደርሶ ስብሰባ ሲጠራ ወይ የቀን ሰራተኛ ቀጥሮ ይሄዳል ወይ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ እና ማን ይሰበሰባል ብትሉ ስብሰባ ቢውል ደሞዙ የማይቆረጥበት የመንግስት ሰራተኛ ነዋ። ከዛ የገበሬውን ጉዳይ ያለ ገበሬ ይወስኑታል።

ነገሩ ድሮም ነበረ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግስት ለህግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ሊኖረው ይገባል ይል ነበር፣ ባዶ እጁን ያለ ጭሰኛ ቢመርጥም መመረጡን በህልሙም አያየው። ዛሬ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም፣ ሞንታርቦው ግን አለ። እንግሊዞችም በነሱ አቆጣጠር እስከ 1911 ድረስ ለፓርላማ አባል ደሞዝ አይከፍሉም ነበር፣ የማዕድን ቆፋሪዎች ማህበር ከአባላቱ መዋጮ እየከፈለ ነበር የራሱን ሰው ፓርላማ የሚያስቀምጠው፣ በ1909 ፍርድ ቤት ይህንን ሲከለክል ሰራተኛው ሰው ሊያጣ ሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ለፓርላማ አባላቱ በዓመት 400 ፓውንድ ደሞዝ የተቆረጠላቸው። ደሞዙ ሌባ አያስገባም አላልኩም፣ ሌባ እኮ ያለ ደሞዝም ይገባል፣ እንደውም እሱ ደሞዙን መች ቆጥሮት ያውቃል።

የዛን ጊዜ በኔ ፈንታ የተወዳደረው ባለ ሲኖትራክ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሞንታርቦውን በራሱ መኪና ጭኖ በየገበያው ዞረ፣ ለወጣቶቹም ቲሸርት አደለ። እኔም ድምጼን ለሱ ሰጠሁ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መልኩን የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

አንድ አስተማሪ፣ ከደብረ ሲና