በወንድሜ ክስ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ

ሰላም ጎንደሬዎች፣ ባጃጅ ነጂው ወንድሜ በነፃ ተሰናበተ እልልልል!!

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማራኪ አካባቢ ተሳፋሪ ሊያወርድ ዳር ይዞ በቆመበት አንድ ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ ገጨው፣ ባጃጁ ተገፍቶ አስፋልቱ መሀል ገባ፣ የተሳፈሩት እናት ክንዳቸው ተሰበረ። ትራፊኩ ደግሞ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ያነሳው ባጃጁ ተገፍቶ የደረሰበትን ቦታ ይዞ ነው፣ በቃ ቅድሚያ ሳይሰጥ ገባ ተባለና በቸልተኝነት የአካል ጉዳት አድርሰሃል ተብሎ ተከሰሰ።

ስንቱ መከረን መሰላችሁ፣ እመንና ቅጣትህን ከፍለህ ተገላገል፣ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያደርግልሃል እያለ። እሱም ታክቶት ሊያምን ነበር። ያኔ ነው ጠበቃችን የደረሽልን። «ያላጠፋኸውን ካመንክ ሪከርዱ አይለቅህም፣ መንጃ ፈቃድህ እንጀራህ ነው፣ እስኪፈረድብህ ድረስ ንፁህ ሰው ነህ፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 20 ላይ አለልህ» አልሽው። እኔ ህገ መንግስት ሲባል የፖለቲከኞች ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር ሀሀ።

የሚኒባሱ ረዳት ቀርቦ ባጃጁ ድንገት ዘው አለብን ሲል በቃ አለቀልን አልኩ። አንቺ ድምፅሽን እንኳን ከፍ ሳታደርጊ ያን ሰአት ምን እየሰራህ ነበር አልሽው፣ ሂሳብ እየሰበሰብኩ አለ። ፊትህ ወዴት ነበር? ወደ ተሳፋሪ። «ጨርሻለሁ ክቡር ፍርድ ቤት» ብለሽ ቁጭ!

እማማ ደግሞ ለእርስዎ ምን ልበል። የተጎዱት እርስዎ፣ ያስጠራዎት አቃቤ ህግ፣ ክንድዎት ጀሶ ውስጥ እያለ ቆመው «ልጁ ቆሞ ነበር፣ እኔ መልሴን ተቀብዬ እግሬን ላወጣ ስል ነው የገጨን» አሉ። እናቴ እዛው ችሎት ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዳኛውም በአንቀፅ 141 አሰናበቱት፣ ማለት አቃቤ ህግ ክሱን ስላላስረዳ ተከላከል እንኳን ሳይባል። (የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህጉ ነው፣ 1954 የወጣው፣ አሁን እኔም ግማሽ ጠበቃ ሆኛለሁ።)

ጀበና ቡና የምትሸጪው እህታችን፣ በስልክሽ ያነሳሽውን ፎቶ ይዘሽ ለመከላከያ ምስክርነት ስራሽን ዘግተሽ መጥተሽ ነበር፣ ባይፈለግም አንረሳውም። ዋስ የሆንከን ጎረቤታችን ክፉ አይንካህ። የአዘዞ መስመር ባጃጆች፣ የሱ ባጃጅ ጋራዥ በቆመ ጊዜ ተራ በተራ የራሳችሁን እየሰጣችሁ ያሰራችሁት፣ እናንተ ባትኖሩ ልጆቹ ምን ይበሉ ነበር። የ44ቱ ታቦት አምላክ ውለታችሁን ይክፈላችሁ።

የፊታችን ሚካኤል ዝክራችን ነው፣ ሁላችሁም እቤት ኑ፣ ጠላው ደርሷል። ጠበቃችን ጠላ እንደማትወጂ አውቃለሁ ላንቺ ቡና ይፈላል፣ እማማን ወንድሜ መጥቶ ያመጣቸዋል።