ፓርት ዋንን አብራችሁኝ ለተፈተናችሁ ሁሉ

አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ! ደውላችሁም ቤት ድረስ መጥታችሁም «እንኳን ደስ አለሽ» ላላችሁኝ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን። ለእያንዳንዳችሁ መልስ መስጠት ስላቃተኝ እዚሁ ላመስግናችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ሰፈር ውስጥ «ስፔሻሊስት ሆነች» ተብሎ ተወርቷል። ኧረ አልሆንኩም! ያለፍኩት የብሪታንያው የፅንስና ማህፀን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የሚሰጠውን፣ ኤምአርሲኦጂ የሚባለውን ፈተና የመጀመሪያ ክፍል ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ይቀሩኛል። ሬዚደንሲም (የስፔሻሊስት ሥልጠናው) ገና አልገባሁም። የሕክምና ዲግሪ ያለው ሰው ግን ፓርት ዋንን መፈተን ይችላል።

ፈተናው ሁለት ወረቀት ነው። እያንዳንዱ 100 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል። አብዛኛው ጥያቄ ምጥ የያዛትን ሴት ምን ታደርጊያታለሽ አይልም። ማህፀን ከየትኛው የፅንስ ቱቦ ይሠራል፣ ይሄ ነርቭ በየት በኩል ዞሮ ያልፋል፣ ያኛው ሆርሞን ከየት ይመነጫል፣ ይሄ ጥናት ምን ያህል ይታመናል... እንዲህ እንዲህ ነው። ሜዲካል ስኩል ስንገባ ሸምድደን ዋርድ ስንወርድ የረሳነው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ለማንበብ ሰዓት ይፈልጋል። ማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ሰው ደግሞ የሌለው እሱን ነው። ሰዓቱን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከእናንተ ልጀምር። እኛ ጋ ለፋሲካ ሙስሊሙ፣ ለአረፋ ክርስቲያኑ ተረኛ ሆኖ ዱቲ ይገባል። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ወሎ ነውና እንዲሁ ነው። ዘንድሮ ግን ፋሲካንም አረፋንም እናንተው ገባችሁልኝ። የፋሲካ ዕለት ዱቲ የገባሽልኝ እህቴ፣ ከጾም በኋላ የመጀመሪያውን ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ዋርድ ውስጥ እንደበላሽው ሰምቻለሁ። አላህ ይስጥልኝ።

ሲስተርዬ፣ አንቺን በምን አፌ ላመስግን? ይቺ ሴት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ስታዋልድ የኖረች ሚድዋይፍ ናት። አንድ ሌሊት የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ሳህን ላይ ሆኖ፣ የተቆረጠውን የእትብት ጫፍ በጎዝ ጠረገችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «ቁጠሪ» አለችኝ። ሁለት ጠበብ ጠንከር ያሉ ቀዳዳዎች፣ አንድ ሰፋ ብሎ ለስለስ ያለ። ሁለት አርተሪ (ደም ቅዳ)፣ አንድ ቬይን (ደም መልስ)። «ኦክስጅን የሞላው ደም ወደ ልጁ የሚሄደው በየቱ ነው?» በቬይኑ። «አርተሪው አንድ ብቻ ከሆነስ?» ልጁን ደህና አድርጎ ማየት ነው፤ ኩላሊቱንም፣ ልቡንም። መጽሐፉ ይህን በገጽ ሙሉ ነው የጻፈው። እኔ ያስታወስኩት ግን ሳህኑን ነው።

ጋሼ፣ የሒሳብ መምህሩ ጎረቤታችን። ስታቲስቲክስ ላይ ዕንባዬ እስኪመጣ ስጨነቅ አይተው «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ማግፓይ የሚባለውን ጥናት ሰጠኋቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ፣ እስከ መንቀጥቀጥ የሚያደርስ የደም ግፊት ሕመም) ያለባቸው ሴቶች ገብተውበታል። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው መርፌ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ካልተሰጣቸው ከ1000ዎቹ 19ኙ ገደማ አንቀጠቀጣቸው፣ ከተሰጣቸው ደግሞ 8ቱ። ጋሼ የመብራት ደረሰኝ ገለበጡና ጀርባው ላይ ጻፉ። «ከሺው 11 ሴት ተረፈች። ሺውን ለ11 አካፍይ።» 91 መጣ። አንዷን ከመንቀጥቀጥ ለማዳን 91ዱን መውጋት ማለት ነው። ስንት ሌክቸር ሰምቼ ያልገባኝ ነገር በአንድ ደረሰኝ ገባኝ። ማታ ለሲስተር ስነግራት ሎዲንግ ዶዙን (የመርፌውን የመጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን) ከሰጠቻት ታማሚ ጉልበት በታች መታ መታ እያደረገች ሪፍሌክሷን (እግሯ በራሱ ብድግ ማለቱን) ታያለች። ቀና ሳትል «እኔ ከ91 በላይ ወግቻለሁ። እንግዲህ አንዷ የኔ ናት» አለችኝ።

እማዬ ከኮምቦልቻ ወጥታ ልጄን ያዘችልኝ። የደሴን ብርድ ስትረግም ክረምቱ ገባ፤ ጋቢዋን ደርባ አሁንም ትረግመዋለች። ልጄን እያጠባሁ ስለ ጡት ወተት ሆርሞኖች፣ ስለ ኦክሲቶሲንና ፕሮላክቲን ሳነብ፣ የመጀመሪያው ከፒቱታሪ (አንጎል ሥር ካለችው ዕጢ) የኋላ ክፍል፣ ሁለተኛው ከፊተኛው እያልኩ ጮክ ብዬ ስደግም «ልጁን ምን እያልሽው ነው?» ትለኛለች። እሱ እንኳ እኔን የሚሰማ አይመስልም፤ ሥራው ላይ ነበር።

ሪያድ ያለሽው የአክስቴ ልጅ፣ ክፍያው በፓውንድ መሆኑን ስነግርሽ አንድም ነገር አልጠየቅሽኝም። ሰው ቤት ሠርተሽ ያጠራቀምሽው ነው። እመልሳለሁ ስልሽ «ዱዓ አድርጊልኝ ብቻ» አልሽ። ዱዓውም ገንዘቡም ይደርስሻል፣ አትከራከሪኝ።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አጠገብ ወንበር ትይዙልኝ የነበራችሁ የፒያሳ ካፌ ልጆች፣ ተባረኩ። አንድ ማኪያቶ ይዤ ግማሽ ቀን ስቀመጥ ፊታችሁን አላጠቆራችሁብኝም።

ሹፌራችን ደግሞ! ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ የምበርበት ቀን ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ ጭጋግ ውጦት ነበር፤ ሐምሌ አይደል። አንገትህን በመስኮት አውጥተህ የአስፋልቱን ጠርዝ እያየህ ነው ኮምቦልቻ ኤርፖርት ያደረስከኝ። «በዚህ ጭጋግ አውሮፕላኑ ባይነሳስ?» ስልህ «አብሽሪ ዶክተር፣ ካልተነሳ በዚችው መኪና አዲስ አበባ እናድራለን» አልከኝ። ተነሳ። ቁልቁለቱን በዚያች መኪና ካየሁ በኋላ ባይነሳ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም።

ፓርት ዋን ለመፈተን ለምታስቡ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ማስታወሻዬ ዋርድ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ፎቶ አንሱት። የጋሼን ደረሰኝ ግን መልሱልኝ።

ባልደረቦቼ፣ ዕዳዬን አልረሳሁም። የመስቀልንም የግሸን ማርያምንም ዱቲ በኔ ስም ያዙ። ፕሮግራም የምታወጣው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ዛሬውኑ ጻፈው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይይዝብኝ።