የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ ከደመናው አናት በላይ

ዘንድሮ የፊዚክስ ክበባችን በአንድ ጥያቄ ከረመ። ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። "ቲቸር፣ ሞቆ የወጣው አየር ደመናው አናት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?" ሌሎች ክበቦች በየሳምንቱ ርዕስ ይቀያይራሉ፤ እኛ ከዚህች ጥያቄ አልወጣንም።

መሬት ያሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። የያዘው ተን ጠብታ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ደግሞ አየሩን ይበልጥ ይገፋዋል። በሐሩር ክልል ትልቅ የነጎድጓድ ደመና 16 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ስትራቶስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ነው። እዚያ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ከታች የሚመጣው አየር ግን በፍጥነት ላይ ስለሆነ ወዲያው አይቆምም፤ ወሰኑን ጥሶ ይገባል። ሲገባ ከአካባቢው የቀዘቀዘና የከበደ ነውና ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድም ቦታውን ያልፍና እንደገና ይወጣል። ይህ ውጣ ውረድ አጠገቡ ያለውን አየር ያወዛውዛል፣ ያም ቀጣዩን። የስበት ሞገድ የሚባለው ይሄ ነው። በስትራቶስፌር አንዱ ዙር ቢያንስ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ደመናው ውስጥ የሚለቀቀው ሙቀት ራሱ አንዴ ጨመር አንዴ ቀነስ ማለቱም ሞገድ ያስነሳል። (ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ የሚነሳውም የስበት ሞገድ ይባላል፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው።)

ሞገዱ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ50 ኪሎ ሜትር ላይ በባሕር ወለል ከፍታ ካለው አየር አንድ ሺኛ ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። የሚወዛወዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ሞገዱ ይገዝፋል። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰበርና ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ሌሊት ደብዘዝ ያለ ብርሃን አለው። ካሜራዎች ከነጎድጓድ ደመና በላይ ክብ ክብ ቀለበት አንስተውበታል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ነገሩን በዓይናችን ለማየት የዓሣ ማስቀመጫ መስታወት ተዋስን። ከስር በቀለም የቀላ የጨው ውሃ፣ ከላይ ንጹህ ውሃ። ሳይደባለቅ ማፍሰሱ ትዕግስት ይጠይቃል። ከታች በሲሪንጅ ሲገፋ ቀዩ ውሃ ጉብ ብሎ ይወድቃል። ከዚያ በሁለቱ መካከል ሞገዱ ዝግ ብሎ ይሄዳል። የላዩ ገጽ ግን ንቅንቅ የሚል አይመስልም። አንዱ ልጅ "ታንኳ ላይ ያለ ሰው አይነቃም ማለት ነው" አለ። ልክ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የአየሩን ሞገድ ራሱን ለመያዝ የአየር ግፊት መለኪያ ያላቸውን ስልኮች ያዝን። ችግሩ፣ ዋናው ዝናብ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ደግሞም በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ከሰዓት ሲዘንብ፣ ሐይቁና ደቡባዊ ዳርቻው ላይ፣ ማለትም እኛ ጋ ባሕር ዳር፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ስልኮቹ በየቤቱ መስኮት አደሩ።

መጀመሪያ የወጣው ነገር ያልጠበቅነው ነው። ግፊቱ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት 10 ሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ፀሐይ የላይኛውን ኦዞንና የታችኛውን ተን ስታሞቅ መላው አየር የሚወዛወዘው ነው። ከኛ ሞገድ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ይሄኛው ግን ዓለምን ያዳርሳል።

ግንቦት ላይ ዝናብ ሲጀምር የግፊቱ መስመር ድንገት ዘለለ። ልጆቹ "ሞገዱ ተያዘ!" ብለው ጮኹ። እኔ አልተስማማሁም። ከዝናቡ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ሲዘረጋ ግፊቱን ያዘልለዋል። ከዝላዩ በኋላ የታዩት ትንንሽ ንዝረቶች ግን፣ የምንፈልገው ሞገድ ናቸው ወይስ አይደሉም በሚል አከራከሩን። ከዓመቱ ሁሉ የወደድኩት ያንን ክርክር ነው። በአንድ ስልክ አይፈታም፤ ንዝረቱ ከቦታ ወደ ቦታ መጓዙ መታየት አለበት።

በሚቀጥለው ዓመት አንዱን ዘጌ፣ አንዱን ከተማ፣ አንዱን ጢስ ዓባይ እናስቀምጣለን። ስክሪኑ የተሰበረ ቢሆንም ግፊት የሚለካ ስልክ ያለው ቤተሰብ ቢያውሰን ደስ ይለናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ቤተ ሙከራው በር ላይ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ትችላላችሁ።