ስንዴውን ግቢው ውስጥ የዘራው ሚኒስትርስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ስንዴ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አንዲት መስመር ግን ከነከነችኝ። ህንድን ከረሃብ ያወጣት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኖርማን ቦርሎግ ነው ብላችሁ አለፋችሁ። በቃ? ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ ዓመታት ለፍቶ አጭሩን ስንዴ፣ አገዳው አጥሮ ምርቱ የበዛውን፣ አዳቀለ፣ በ1970 ኖቤል ተሸለመ፣ ይገባዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግን ዘር በራሱ እግር ድንበር አይሻገርም። ዶላሩን የሚያስፈቅድ፣ ወረቀቱ ላይ የሚፈርም፣ ፓርላማ ቆሞ የሚሰደብ ሰው ይፈልጋል። ህንድ ውስጥ ያ ሰው ቺዳምባራም ሱብራማኒያም ነበር።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከፊዚክስ አስተማሪያችን ነው። ያኔ ሃይስኩሎቻችን ውስጥ ህንድ አስተማሪ አይጠፋም ነበር፣ በዕድሜ የሚጠጉኝ ያስታውሳሉ። የኛው ከደቡብ ህንድ፣ የማድራስ ሰው ነበር። ፊዚክስ ተምረን ምን ልንሆን ነው ብለን ስናጉረመርም፣ የአገሬ ልጅ ፊዚክስ ተማረ፣ ከዚያ ሕግ ተማረ፣ ከዚያ እስር ቤት ገባ፣ በመጨረሻ የእርሻ ሚኒስትር ሆነ እያለ ያስቀን ነበር። እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። ነገሩ የገባኝ ኋላ፣ እኔ ራሴ ግብርና ተምሬ አርሲ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ (ዲኤ) ስሆን ነው።

ሱብራማኒያም የተወለደው በ1910 በደቡብ ህንድ፣ ኮይምባቶር አውራጃ፣ ፖላቺ አጠገብ ባለች መንደር፣ ከገበሬ ቤት ነው። ገና ተማሪ ሳለ የጋንዲ እንቅስቃሴ ውስጥ ገባ። በ1942 እንግሊዝ ህንድን ለቃ ትውጣ የሚለው ንቅናቄ ሲቀጣጠል ታሰረ። ከእስር በኋላ ሕገ መንግሥቱን ካረቀቀው ጉባኤ አባላት አንዱ ሆነ፣ ከዚያም ከ1952 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በማድራስ ክልል መንግሥት ውስጥ ትምህርትን፣ ገንዘብን፣ ሕግን ይዞ ሚኒስትር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1954 ለክልሉ መሪነት ከፓርቲ ባልደረባው ከካማራጅ ጋር ተፎካክሮ ተሸነፈ። ካማራጅ ግን አላባረረውም፣ ካቢኔው ውስጥ አስገባው። ካማራጅ ለድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ ማብላት ሲጀምር የትምህርት ሚኒስትሩ ያ የትናንት ተፎካካሪው ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን... እሺ፣ ይቅር።

በ1964 ሻስትሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የምግብና እርሻ ሚኒስቴርን ሰጠው። ከዚያ በፊት የብረት ሚኒስትር ነበር። ብረት ያኔ የክብር ቦታ ነው፤ ፋብሪካ ትመርቃለህ፣ ሪባን ትቆርጣለህ። ምግብ ግን የስድብ ቦታ ነው። ከተማው የሚበላው ከአሜሪካ በእርዳታ መልክ የሚመጣ ስንዴ ነበር፤ ከመርከብ ተራግፎ ቀጥታ ወደ አፍ፣ ጎተራ እንኳ ሳያድር። በ1965 ዝናቡ ቀረ። በማግስቱ ዓመትም ደገመ፣ የቢሃር ክልል ክፉኛ ተጎዳ። በ1966 ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ቶን እህል ከውጭ ገባ፣ አብዛኛው ስንዴ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደግሞ እየቆነጠረ ነበር የሚለቀው፣ ህንድ የእርሻ ፖሊሲዋን እስክታስተካክል፣ በቬትናም ጉዳይም አፏን እስክትሰበስብ። ሻስትሪ ሕዝቡን በሳምንት አንድ ቀን ራት ዝለሉ ብሎ ለመነ። ለነፃነት ብሎ የታሰረ ሰው፣ የአገሩ ራት በሌላ አገር ፕሬዚዳንት ፊርማ ሲዘገይና ሲፈጥን እያየ ቢሮ መግባት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ሳይንቲስቱ ስዋሚናታን አጭሩን ስንዴ ህንድ ውስጥ ቀድሞ ሞክሮታል። ውጤቱንም ያውቃል። ግን ምርምር ጣቢያ ውስጥ የቆመ ስንዴ አገር አይመግብም፣ ይህን ዲኤ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። በ1965 ህንድ 250 ቶን ዘር አስመጣች። በ1966 ሱብራማኒያም 18,000 ቶን ከሜክሲኮ አዘዘ። አሥራ ስምንት ሺህ ቶን፣ በአንዴ! ተቃውሞው ከየአቅጣጫው መጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ለማዳበሪያ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ፈራ። ግራ ዘመሞቹ አገሪቱን አሜሪካ እጅ ላይ ሊጥላት ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ዘሩ በሽታ ይዞ ቢመጣስ፣ ማዳበሪያና ውሃ የሚችለው ሀብታሙ ገበሬ ብቻ ቢጠቀምስ አሉ። ይሄ የመጨረሻው ከንቱ ጥያቄ አልነበረም፣ እመለስበታለሁ።

እሱ ምን አደረገ? ደልሂ ውስጥ የሚኒስትር መኖሪያ ግቢው ላይ የነበረውን ሣር አሳረሰና ስንዴውን ዘራው። ሰውዬውን የወደድኩት ይቺን ስሰማ ነው። የመንግሥት ቪላ፣ የተከረከመ ሣር፣ ወንበር ወጥቶ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ፤ እዚያ ላይ ማረሻ ገባ። የመጣው እንግዳ ሁሉ ስንዴውን እያየ ይገባል፣ እያየ ይወጣል። እኛ ሠርቶ ማሳያ የምንለው ማለት ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት ሠርቶ ማሳያ አቁሜያለሁ፣ ሁሉም በሰው ማሳ ላይ። ቢከሽፍ የሚከስረው ገበሬው ነው፣ የኔ ደመወዝ አይቀርም። አለቆቼ ደግሞ ለመስክ ቀን ይመጣሉ፣ መኪናውን መንገድ ዳር ያቆማሉ፣ ጭቃ እንዳይነካቸው በድንበሩ ሄደው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። በራሱ ደጅ ዘርቶ ቢደርቅበት ሊሳቅበት የተዘጋጀ አለቃ አላጋጠመኝም።

ስንዴው ሲበቅል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እህሉ ቀይ ነው። ህንዶች ለቻፓቲያቸው፣ ለቂጣቸው ማለት ነው፣ የለመዱት ነጣ ያለ፣ ወርቃማ ስንዴ ነው፣ ቀዩን ገበያው ናቀው። ደግነቱ የአገሩ አዳቃዮች ቶሎ ብለው ቀለሙ የሚወደደውን ካልያን ሶናንና ሶናሊካን አወጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትልቁ ዘር ከመግባቱ በፊት፣ በ1965 መጀመሪያ፣ በሱ ጊዜ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተቋቁመዋል። አንዱ የገበሬውን መሸጫ ዋጋ ስንት ይሁን ብሎ የሚያጠናና የሚመክር የግብርና ዋጋ ኮሚሽን ነው። ሌላው እህሉን ገዝቶ የሚያከማች የህንድ ምግብ ኮርፖሬሽን። ማለትም ገበሬው ብዙ ቢያመርት ዋጋ እንዳይወድቅበት ቀድሞ ታስቦበታል። የግብርና ምርምር ምክር ቤቱንም ከቢሮ ሰው እጅ አውጥቶ ለሳይንቲስት፣ ለቢ.ፒ. ፓል አስረከበ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ምርጥ ዘር አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ ኩታ ገጠም አለ፣ ትራክተር አለ። ዋጋ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። አውድማው ሞልቶ፣ ኩንታሉ ገበያ ወጥቶ የማዳበሪያውን ዕዳ አልሸፍን ሲል ገበሬው በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። ማዳበሪያውን በግማሽ ይቀንሳል። አንዳንዱ ወስዶ መልሶ ይሸጠዋል። እኛ ሪፖርት ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብለን እንጽፋለን። ሒሳቡን ከኛ በላይ ያውቀዋል እኮ!

ፖለቲከኛነቱን ደግሞ እዩት። በ1965 ሂንዲ ብቸኛ የሥራ ቋንቋ ሊሆን ነው ተብሎ ታሚሎች ሲያምፁ፣ እሱም ታሚል ነውና ከሌላ ሚኒስትር ባልደረባው ጋር መልቀቂያ አስገባ። ሻስትሪ ተቀብሎ ወደ ፕሬዚዳንቱ ላከው፣ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም አለ፣ ነገሩ ሲበርድ ሁለቱም ተመለሱ። ያም ሆኖ መራጩ አልማረውም። በ1967 ምርጫ ፓርቲው ኮንግረስ ማድራስ ላይ ተጠረገ፣ ሱብራማኒያምም ወንበሩን አጣ። ተቃዋሚዎቹ ምን ብለው ቀሰቀሱ? በአንድ ሩፒ ሦስት ስፍር ሩዝ! የምግብ ሚኒስትሩን ሩዝ ጣለው። የሱ ስንዴ ያለው ሰሜን ነው፣ ፑንጃብና ሃሪያና። የሱ መራጭ ያለው ደቡብ ነው፣ ሩዝ በላተኛ።

ስንዴው የጎረፈው በማግስቱ ዓመት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው በ1968 ከ16 ሚሊዮን አለፈ፣ በ1970 ደግሞ 20 ሚሊዮን ደረሰ። ማስቀመጫ ጠፍቶ የትምህርት ቤት ክፍሎች ጎተራ ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ በ1968 ሐምሌ ላይ የስንዴ አብዮት የሚል ቴምብር አስወጣች። ሱብራማኒያም ያን ቀን ሚኒስትርም የፓርላማ አባልም አልነበረም።

መልአክ ነበር ብዬ አልሟገትም። ኋላ ወደ ሥልጣን ተመልሶ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ተቃዋሚ ሲታፈስ፣ ጋዜጣ ሲታፈን እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። በእንግሊዝ እጅ የታሰረ ሰው፣ ሌላው ሲታሰር ካቢኔ ውስጥ ቁጭ ማለቱን እንዴትም ብዬ ላሳምረው አልችልም። ፑንጃብም ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃዋ እየሸሸ ነው። መንግሥት አስተማማኝ ዋጋ የሚሰጠው ለስንዴና ለሩዝ ስለሆነ ገበሬው ሌላ አይዘራም፤ ያ ያመሰገንኩት የዋጋ ዋስትና ዞሮ ጣጣ አመጣ ማለት ነው። ውሃና ገንዘብ ያለው ቀድሞ ተጠቀመ የሚለውም ወቀሳ እውነት አለበት። የቀረውን ባጭሩ ልበል። በ1979 የመከላከያ ሚኒስትር፣ ከ1990 የማሃራሽትራ አገረ ገዢ ሆነ፣ በ1993 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነቅፎ የተናገረው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ለቀቀ። በ1998 የአገሪቱን ትልቁን ሽልማት ባራት ራትናን ተቀበለ፣ በ2000 በ90 ዓመቱ አረፈ።

ለእኛ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። አርሲ የሚዘራው ስንዴ የዚያ ዘር ዘመድ ነው። ቦርሎግ ራሱ በ1990ዎቹ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በተባለው የግብርና ፕሮግራም በኩል እኛው ዘንድ መጥቷል፣ ግማሽ ሄክታሩ ሠርቶ ማሳያ የዚያ ዘመን ነው። ኩብሳ የምንለውም ዝርያ መነሻው ሜክሲኮ ካለው ማዕከል ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳን ሲጨርሰው ማሳ ለማሳ ዞሬ ማታ ቤት ስገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ዱቄት ለብሶ ነበር፣ ባለቤቴ ደጅ ላይ አራግፍ ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ፣ አጭሩን ዘር ይዤ ስዞር፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳውን አየት አድርገው «ፍሬው ለኔ ነው፣ ገለባውስ? በሬዬ ምን ሊበላ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚኒስትሩም ግቢ ውስጥ በሬ አልነበረም።

የእርማት ቦታ ካላችሁ ሁለት መስመር ትበቃኛለች። ስሙን ስትጽፉ ሱብራማኒያም በ«ሱ» ነው፣ በ«ሰ» አይደለም። አስተማሪያችን በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር።

ጡረተኛው ዲኤ፣ ከአሰላ