የምናበላሸው ብረት ስጡን

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣

ጤና ይስጥልን። የማሽኒንግ፣ ማለትም ብረት በማሽን ቆርጦ ቅርጽ የማስያዝ ሙያ ሰልጣኝ ነኝ፣ ሌቭል 3። የኮሌጄን ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለማስወቀስ አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የምናበላሸው ብረት ስጡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አሰልጣኛችን 6204 የሚባል ቤሪንግ (ዘንግ በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚይዝ ቀለበት) ይዞ መጣና ሻፍት፣ ማለትም መሐሉ የሚገባ ዘንግ፣ አውጡለት አለን። የውስጥ ቀዳዳው ስፋት 20 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሞተርም ውስጥ ፓምፕም ውስጥ የማይጠፋ ቤሪንግ ነው። ድሮዊንጉ (የሥራው ንድፍ) ለሻፍቱ ውፍረት የሚፈቅደው ከ20.002 እስከ 20.015 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ 13 ማይክሮን (የሚሊሜትር 13 ሺኛ)፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ። ተራዬ ደርሶ ቶርኖው፣ ብረት እያሽከረከረ በቢላ የሚቆርጠው ማሽን፣ ላይ ቆምኩ። ውፍረት የምንለካበት ማይክሮሜትር 20.01 ሲያሳየኝ ደስ አለኝ፣ ፈትቼ አስቀመጥኩት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ቤሪንጉን ባስገባው በጣቴ ብቻ ሸርተት ብሎ ገባ። ጥብቅ ብሎ በፕሬስ ነበር መግባት የነበረበት። ለካ የለካሁት ገና እጅ እየለበለበ ሳለ ነው፤ ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሌላ ዘንግ ስጠይቅ የለም ተባልኩ። ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ ነው። እኔም ስህተቴን አውቄ፣ ማረሚያ አጥቼ ቀረሁ።

ቶርኖአችን አርጅቷል። እጀታው ሲዞር መጀመሪያ ሩብ ዙር ያህል ባዶውን ይሄዳል፤ ቢላው የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ እሱ አላማርርም፣ በአሮጌ ማሽንም ጥሩ ሥራ ይወጣል፣ አሰልጣኛችን ሲሠራበት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያቺን ባዶ ዙር እጅ የሚለምዳት በድግግሞሽ ነው፣ እኛ ደግሞ ለአንድ ማሽን 15 ሰው ነን።

ሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር ነው ይባላል። ለትብብር ሥልጠና የተላክሁበት ወርክሾፕ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ የብረት ፍቅፋቂ ጠርጌ፣ ዕቃ አቀብዬ ወጣሁ። ባለቤቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «የደንበኛ ዕቃ ብታበላሽ ማን ይከፍላል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሚከፍል የለም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ በኪሎ የተቆረጠ የመለማመጃ ብረት በጀት ይያዝ። አዲስ ብረት መሆን የለበትም፤ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ሞልቷል፣ የኮሌጆች የግዢ ደንብ ከዚያ መግዛት እንዲፈቅድላቸው ብታደርጉ ብዙ ችግር ይቃለላል። ሰልጣኝ ተቀብሎ ማሽን ላይ ለሚያቆም ወርክሾፕም የተበላሸውን ዕቃ የሚተካ ገንዘብ ይመደብለት። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ከመፈተናችን በፊት ደግሞ ማሽን ላይ የቆምንበት ሰዓት ተመዝግቦ ይታይ። የገባንበት ቀን ሳይሆን፣ እጃችን እጀታው ላይ የነበረበት ሰዓት።

ገጠር ያሉ አጎቴ ጋ ወፍጮ ቤት አለ። ዓምና ሻፍቱ ሲበላ ልኩን የሚያወጣ ሰው እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ቆመ፣ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ሄዱ። ያ ሻፍት ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነገር አልነበረም። አንድ ዘንግ፣ አንድ ቶርኖ፣ አንድ እጁ የለመደ ሰው ነው የሚፈልገው።

ከቻላችሁ ደግሞ መጥታችሁ እዩን። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ብትመጡ ጥሩ ነው፤ ያኔ አንዱ ማሽኑ ላይ ነው፣ 14ቱ ከኋላው ቆመን እናያለን።