የማድረቂያ ሥልጠናው ሚዛን ይዞ ይምጣ

ይድረስ፦ ለገጠር ሥራ ፈጠራ ሥልጠና ኃላፊዎች

ክቡራን ኃላፊዎች፣

የፀሐይና የኤሌክትሪክ ምግብ ማድረቂያዎችን ለማደል የምታሳዩትን ትጋት ለሥልጠናውም ብታሳዩ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ብዙ ጊዜ ሥልጠናው በጥቂት ቀን ያልቃል። መሣሪያው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። ሠልጣኙ ማብሪያ ማጥፊያውን ለይቶ ይወጣል፤ ያደረቀው ነገር በእርግጥ መድረቁን በምን እንደሚያውቅ ግን የነገረው የለም።

እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው። በእጅ መዳሰስ ያታልላል። ሙቀቱ ገና ከጅምሩ ከበዛ የቁራጩ ውጫዊ ገጽ ቶሎ ይጠጥርና የውስጡ ውኃ መውጫ ያጣል። ከላይ ሲነኩት ደርቋል፤ ታሽጎ ሲከርም ይሻግታል። ስለዚህ «ቶሎ ይድረስልኝ» ብሎ ሙቀት መጨመር አያዋጣም። ለአብዛኛው ፍራፍሬና አትክልት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከ35 እስከ 45 ይበቃል፤ አየሩ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ።

መድረቁን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። 10 ኪሎ የተከተፈ ፍሬ 85 በመቶው ውኃ ከሆነ፣ ውኃ ያልሆነው 1.5 ኪሎ ብቻ ነው። በመጨረሻ 15 በመቶ እርጥበት እንዲቀረው ከተፈለገ፣ ውኃ ያልሆነው 1.5 ኪሎ የምርቱ 85 በመቶ መሆን አለበት፤ 1.5 ለ0.85 ሲካፈል 1.76 ነውና፣ ትሪው ላይ ያለው ወደ 1.76 ኪሎ ሲወርድ ይወጣል። ማካፈል የሚችል ሁሉ ይህን ያሰላዋል። ከዚያ በታሸገ የብርጭቆ ዕቃ ለሳምንት ያህል አስቀምጦ በየቀኑ መነቅነቅ ነው፤ የዕቃው ውስጥ ላብ ከያዘ ምርቱ ወደ ማድረቂያው ይመለስ።

የኤሌክትሪኩ ማድረቂያ ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን፣ ቅንጣት ሙቀት ሳይባክን እንኳ፣ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ግማሹ ሙቀት ከባከነ 1.3 ይሆናል። ከዚያ 10 ኪሎ ፍሬ ከ8 ኪሎ በላይ ውኃ ስለሚወጣ፣ 1.76 ኪሎ ምርት ለማግኘት ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሄደ ማለት ነው። ሙቀቱን ከእርጥቡ አየር መልሰው የሚጠቀሙ ማድረቂያዎች በጣም ያነሰ ይወስዳሉ፤ ተራው ማሞቂያ ግን ይህን ያህል ይበላል። ይህን ሳያሰላ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው እየከሰረ ያተረፈ ይመስለዋል።

ፀሐይ ኃይሏን አታስከፍልም፤ ነገር ግን ደመና ሲጋርዳት ወይም ሲመሽ ሳይጨርስ የቀረው ምርት ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይስባል። ቀን አብዛኛውን ውኃ በፀሐይ አውጥቶ የተረፈውን በኤሌክትሪክ መጨረስ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ይህን በተግባር የሚያለማምድ ሥልጠና እምብዛም አላየሁም። ሁለቱ መሣሪያዎች በሁለት ፕሮጀክት፣ በሁለት አሰልጣኝ ይመጣሉ፤ ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜው ነው። ሥልጠናውን በበጀት መዝጊያ ሳይሆን ምርት በሚደርስበት ወቅት አድርጉት። ምርት በሌለበት ወር የሚደርቀው ሠልጣኙ ነው። ደግሞም አባወራው ተጠርቶ የምትከትፈውና ትሪ የምትገለብጠው ባለቤቱ ከሆነች፣ ጥሪው የተሳሳተ ሰው ጋ ደርሷል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሪፖርታችሁ ላይ ከሠለጠኑት ቁጥር ጎን አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ከአንድ የምርት ወቅት በኋላም እያደረቁ የሚሸጡት ስንት ናቸው? ዓምዱን ለመሙላት ባለሙያው ወደ መንደሩ መመለስ ይኖርበታል። ማራገቢያው የቆመበትን፣ ገዢ ያጣውን፣ ማድረቂያውን ዕቃ ማስቀመጫ ያደረገውን ያገኛል። የቀጣዩን ሥልጠና ይዘት እነዚህ ሰዎች ይወስኑት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምግብ ማድረቅ አሰልጣኝ